ግራፉ ሲጠፋ ባምቦ ካፔኑካ ይጠራሉ

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ እንደ ንስሐ አባት ሳያናዝዝ ምንም የማይነካ አንድ ሰው አይጠፋም። የዞምባ ከተማው የሥነ ምግብ ቢሯችን የታደለው ክቡር ባምቦ ካፔኑካን ነው፤ ባምቦ በእኛ አገር "አባት" ማለት ነው። ግራፍ የጠፋበት ሰው እያለከለከ ሲደርስ ማንዳሲያቸውን፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ፣ ሻይ ውስጥ ነክረው፣ አላምጠው፣ ውጠው ያቺን ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ "ትናንት ምን አደረግሽ?"

ዛሬ አይደለም፣ ትናንት። አንዴ አለቃችን በዚህ ጥያቄ ተይዞ ከሚስቱ ጋር የተጣላውን ሳይቀር ዘክዝኮ ወጥቷል። እኔ ታማንዳ የምባለው ግን እሳቸውን ከምጠራ ሥራ ብለቅ ይሻለኛል ባይ ነበርኩ።

ባለፈው ሐሙስ በአራት ሰዓት የወረዳው ኮሚቴ ይሰበሰባል። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው የለውዝ ምግብ የሚበቃው ለአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። በምቴንጉላ ጤና ጣቢያ የሕፃናቱ ክብደት ሦስት ወር ሙሉ አሽቆልቁሏል፤ ኮሚቴው ደግሞ የቁጥር ሠንጠረዥ ሲያይ ያዛጋል። ቁልቁል የሚወርደውን መስመር ማየት አለበት።

ከስታቲስቲክስ ፕሮግራማችን ጋር የገጠምነው ግራፍ መሣያ "ተሠርቷል" ይላል፤ መስኮቱ ግን ነጭ ነው። ስህተት አለ አይል፣ ግራፍ አያወጣ። ቀለም ቀየርኩ፣ መጠን ቀየርኩ፣ ርዕስ ቀየርኩ። ፕሮግራሙን ዘግቼ እንዳልከፍተው ስሌቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ላለመድገም ሁላችንም ላፕቶፓችንን ሳንዘጋ ነው የምናድረው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ኩራቴን ውጬ፣ ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ባምቦ ሄድኩ።

"ትናንት ምን አደረግሽ?"

"ባምቦ፣ ሠላሳ ደቂቃ ነው የቀረኝ።"

"እንግዲያው ቶሎ ንገሪኛ፣ ልጄ።"

ነገርኳቸው። ትናንት ግራፎቹን ወደ መስኮቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፋይል ልልክ ብዬ ፋይሉን ከፍቼ ነበር፤ አንዱንም ሳልልክ መብራት ሄደ፣ ጨለማው ሲበረታ ተነስቼ ወጣሁ።

"ፋይሉንስ ዘጋሽው?"

ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። እሳቸው አንዲት ትእዛዝ ጽፈው ፋይሉን ዘጉት፤ ከዚያ ከፈቱት። ፋይሉ ስላልተዘጋ ጠዋቱን ሙሉ የጠፉት ግራፎች እዚያው ሲገቡ ኖረው ተሰልፈው ተቀምጠዋል፤ አርባ አንድ ገጽ። ደስታዬ ግን ግማሽ ደቂቃም አልቆየ፤ በንዴት የሰጠኋቸው ርዕሶች ትዝ አሉኝ።

"ባምቦ፣ የምፈልገው የመጀመሪያውን ነው፣ እሱ ይበቃል" አልኩ። እሳቸው ግን ቀጣዩን ገጽ ገልጠዋል። "የምቴንጉላ ሕፃናት ክብደት" ከሚለው ቀጥሎ "ውጣ እንጂ" ይላል። ከዚያ "ምን በደልኩህ"። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከሚያምር ሰማያዊ መስመር በላይ፣ በትልልቁ "ያን ትናንት ምን አደረግሽ ባይ ሽማግሌ አልጠራም" የሚል ተጽፏል። መነጽራቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው አነበቡት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የመጀመሪያውን ገጽ አትመው ሰጡኝና በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። ሮጥኩ። ኮሚቴው መስመሩን አየ፤ የለውዙ ምግብ ለምቴንጉላ ተፈቀደ። ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ዛሬ ከባምቦ ካፔኑካ ጠረጴዛ በላይ ተለጥፏል። ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ያሳዩታል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እወዳቸዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ማንዳሲ የምገዛላቸው እኔ ነኝ። ይህን ማን ጻፈው ብሎ የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ የቢሮውን ትናንት በሙሉ ሲያናዝዙ የኖሩት ሰውዬ ሻያቸውን ፉት ይሉና "እኔ እንጃ፣ አልጠየቅኩም" ይላሉ።