ፌስታል የማበስበስ ዘመቻ

የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ታሪክ ሠርቷል። ስንት ዓመት እንደ ነገሩ ስንጥለው የኖርነውን ፌስታል፣ በሙሉ ድምፅና በረጅም ጭብጨባ፣ ከእህል ተሠራ በተባለ አዲስ ፌስታል ተክቶታል። ፌስታሉ ላይ «ተጠቅመው ሲጨርሱ ያበስብሱት» የሚል ጽሑፍ አለበት።

ሊቀመንበራችን መነጽራቸውን ወልውለው አነበቡት።

«ግልጽ መመሪያ ነው» አሉ። «ሰው ዝናብ ሲመታው ምን ይሆናል? ይበሰብሳል። ስለዚህ ውሃ!»

እንዲህ ያለ ጭንቅላት በየሕንፃው አይገኝም። ወዲያው ከጣሪያው አሸንዳ ሥር በርሜል ተተከለ፤ ያገለገለ ፌስታል ሁሉ እዚያ ይነከር ጀመር። በርሜሉ የቆመው እኔ በር ላይ፣ የውሃ መውረጃው አፍ አጠገብ ነው። የምኖረው ምድር ቤት ነው፤ ልጄ የምትተኛው ወለል ላይ ነው። እኔ ደግሞ ድሮም ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ።

«ጋሼ፣ በርሜሉ ሞልቶ ፌስታሉ ቱቦውን ቢደፍነውስ?»

«እንዴት ይደፍናል? ይበሰብስ የለም እንዴ!»

«ካልበሰበሰስ?»

«አንቺ ደግሞ ሟርትሽን ተይን፣ እህቴ። ተጽፏል እኮ!»

ለተጻፈ ነገር ያለኝ አክብሮት ከፍተኛ ስለሆነ እሺ ብዬ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ግን የልጄን ፍራሽ ወንበሮች ላይ አጋደምኩት።

«እማዬ፣ መርከብ ልንሳፈር ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ። ፌስታሎቹ አንዳቸውም ሳይቀደዱ፣ በክብር እየተንሳፈፉ ወጥተው ቱቦው ውስጥ ተወተፉ። ውሃው የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ቤቴ ገባ። ፍራሹን ተሸክሜ፣ ልጄን እየጎተትኩ ስወጣ፣ ኮሚቴው ሱሪውን ሰብስቦ ለጉብኝት ሲገባ በር ላይ ተገናኘን።

ሊቀመንበሩ ለፌስታሉ ሻጭ ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ላውድ አደረጉት።

«ኧረ ጌታዬ!» አለ ሻጩ። «ማበስበስ ማለት እኮ ከምግብ ትራፊ ጋር ብስባሽ ማድረግ ነው! የማዘጋጃ ቤቱ ማዳበሪያ ማምረቻ ነው የሚላከው። ውሃ ምን ያደርግለታል? ሙቀት ነው የሚፈልገው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ ከተነገራቸው ሁሉ ዋናውን ነጥብ ነጥለው ለማውጣት ጥቂት አሰቡ።

«ሙቀት» አሉ በመጨረሻ። «እህቴ፣ ክብሪት ይኖርሻል?»

«ነበረኝ፤ በስብሷል።»

ፊታቸው በራ። ወደ ኮሚቴው ዞር አሉና፦

«አያችሁ? ዘዴው ይሠራል!»