ከጆሮ ጀርባ ያለች ጠብታ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ምን ምን ትሸታላችሁ? አትቆጡ። ስድብ አይደለም፣ የምር ጥያቄ ነው። ሰው ፊቱን በመስተዋት ያያል፣ ድምፁን በስልክ ቀድቶ ይሰማል፣ ክብደቱን መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ከተቀመጠ ሰው ጠይቆ ይረዳል። ሽታውን ግን ከሌላ ሰው አፍንጫ በቀር የሚነግረው የለም። ያን ሌላ ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ዝም ይላል። እኛም ምንም የማንሸት እየመሰለን ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተን እንሄዳለን።

እኔ ጎንደር ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የምሸተው ዝገት፣ እርጥብ አፈርና የጎማ ማጣበቂያ ነው። ይህን ያወቅሁት ባለቤቴ ስለነገረችኝ ነው፤ እሷ ይሉኝታ አልነበራትም።

ባለቤቴ ትዕግሥት ሚያዝያ ላይ አረፈች። ሕመሟ አጭር ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም።

የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ስለመጣው ነገር ነው። አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ልጅ አለችን፤ ማኅሌት። እናቷ በነበረችበት ጊዜ ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ሲንኳኳ ሮጣ ትመጣለች፣ እግሬን እንደ ዛፍ ትወጣለች፣ አፍንጫዋን ከጆሮዬ ሥር ትቀብርና እዚያው ትቀራለች። እራት እስኪቀርብ አትወርድም። ከሚያዝያ በኋላም መውጣቱን አልተወችም። ትወጣለች፣ አፍንጫዋን ትቀብራለች፣ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ቀስ ብላ ትወርድና ወደ አክስቷ ትሄዳለች። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ጭራሽ መውጣቱንም ተወችው። በሩ ሲንኳኳ ቀና ብላ ታየኛለች፣ እንደ እንግዳ።

አክስቷ እትዬ ጥሩዬ ናት፤ የትዕግሥት ታላቅ እህት። ለለቅሶ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ ለልጅቷ ስትል ቀረች። ደግ ናት። ደግነቷ ግን ሳሙና ይበዛበታል። በገባች በሳምንቱ ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል አጥባ፣ የትዕግሥትን ነጠላ ዘፍዝፋ፣ ከመስተዋቱ ሥር የነበረችውን ባዶ የሽቶ ብልቃጥ ሳይቀር በፈላ ውኃ አለቅልቃ አሰጣቻት። ብልቃጧን አንስቼ ሳሸታት የልብስ ሳሙና ሸተተችኝ።

ስለዚያች ብልቃጥ የማውቀው ይህን ነበር። ትዕግሥት ጠዋት ጠዋት ጥጥ በጠብታ ነክራ፣ እኔ ጫማዬን ሳስር ከጆሮዬ ጀርባ ነካ ታደርገኛለች። ለራሷ ከቀባችው የተረፈውን ነው ብዬ ዝም እላለሁ። ማታ ስገባ ደግሞ ገና በሩ ላይ አንገቴ ሥር ታሸተኛለች። በዚህኛው ግን ቅር እሰኝ ነበር። መጠጥ ቀምሼ እንደሆነ የምታጣራ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን «ፖሊስ ነሽ እንዴ?» አልኳት። ሳቀች እንጂ አልመለሰችም።

እንግዲህ ነገሩን ደማመርኩት። ልጅቷ እኔ ላይ የምትፈልገው የእናቷን ሽታ ነው። ጥጡ የቆመው እናቷ ያረፈች ቀን ነው። ዘይቱን ካገኘሁት ልጄ ትመለሳለች። ቀላል ሒሳብ። ቧንቧ የሚሠራ ሰው ውኃ ሲቋረጥ የት ጋ እንደተዘጋ ማሰብ ይለምድበታል።

አራዳ ላይ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ አዛውንት የሽቶ ዘይት ይሸጣሉ። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ሽቶ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። ነሐሴ መግቢያ ላይ ዝናብ እያራገፍኩ ገባሁ።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለሰው።»

«ሰው ብዙ ነው፣ ልጄ።»

ባለቤቴ ሞታለች ብል ያዝኑልኛል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የሰው ማዘን ራሱ ደክሞኝ ነበር። ብልቃጧን አውጥቼ እንደዚህ ባለ ዕቃ የሚሸጥ ነው አልኳቸው። ከኋላቸው ወዳለው መደርደሪያ አመለከቱኝ። መቶ የሚሆኑ እንደዚያው ያሉ ብልቃጦች ተደርድረዋል።

አንድ በአንድ መሞከር ጀመርን። ሐጂ ሽቶ ሲያስሞክሩ ሕግ አላቸው። የእጄ አንጓ ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አደረጉ። እኔ እንደማንኛውም ሰው ሁለቱን አንጓዎቼን ላፋትግ ስል «አትሸው! ካልሲ መሰለህ?» ብለው ጮኹብኝ። ቀጥሎ «አሁን አታሽተው። ቀሐ ወንዝ ድረስ ውረድና ተመለስ» አሉኝ። በእርሳቸው ቤት ሽቶ ቆሞ አይፈተንም። ቁልቁል ሲወርዱ ቆዳ ይቀዘቅዛል፣ አቀበቱን ሲመለሱ ያልባል፤ ዘይቱ ያን ጊዜ ነው ሐቁን የሚናገረው። በበጋ አንድ ደርሶ መልስ ይበቃል፣ በክረምት ግን ቆዳ ስለሚዘጋ ሁለት ያስፈልጋል ይላሉ። ለክረምት የሚሆነው ከባዱ የእንጨት ዘይት ነው፤ ዑድ፣ ሰንደል። ለበጋ ቀለል ያለው፤ ጽጌረዳ፣ የሎሚ አበባ። ከቀንድ ውስጥ የጥርኝ ዝባድም አሳዩኝ። ጥሬውን ሳሸተው ዓይኔ እንባ አቀረረ። «በሌላ ዘይት ውስጥ የመርፌ ጫፍ ታህል ስትገባ ደግሞ እንዳንተ ያለውን ታስለቅሳለች፣ በሌላ ምክንያት» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከልጄ ጉዳይ ሌላ ነገሩ ራሱ ያዘኝ። ቆዳ ለካ እንዲህ ነው! ብልቃጡ ውስጥ ጽጌረዳ የነበረው እኔ ላይ ሲደርስ የተቀቀለ ድንች ሆነ። ዑዱ አዲስ የባጃጅ ጎማ፣ ሰንደሉ የተቀረጸ እርሳስ። የተቀቀለ ድንች የሆነብኝን ጽጌረዳ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ላይ ብቀባው ጽጌረዳ ሆኖ ቁጭ አለ። ቀናሁበት። አንድ ቀን ደግሞ የሞከርነው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆንብኝ ሐጂ አንጓዬን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «ትናንት ምን በላህ?» አሉኝ።

«አብሽ ያለበት ወጥ።»

«ከነገ ወዲያ ተመለስ» አሉና ብልቃጡን ከደኑት።

በየጊዜው አንድ ይሆናል ያልኩትን ተቀብቼ ወደ ቤት እገባለሁ። ማኅሌት ፊት ቁጢጥ ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። እሷም እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ፊቴን ታያለች፣ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። መስከረም እንዲህ አለቀ።

ሽቶ ግን ዝም አይልም። ጺሜን ሳላወርድ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ፣ አንድ ቀን የሎሚ አበባ አንድ ቀን ጽጌረዳ እየሸተትኩ አራዳን ስመላለስ ሰው ምን ይበል? አብሮኝ የሚሠራው «ምነው፣ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው? እኔም ልመረጥ እንጂ» ብሎ ቀለደብኝ። ጎረቤቶቼ ያልተለመደ ትሕትና ጀመሩ፤ ሰላምታቸው ረዘመ፣ አፍንጫቸው ቀረበ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሰሞን ተሽትቼ አላውቅም።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ልወጣ ስል እትዬ ጥሩዬ በሩ ላይ ቆመች።

«ደረጀ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ከአንገትህ በላይ ለቅሶ፣ ከእጅህ በታች ሠርግ ምን የሚሉት ነው? የእህቴ ዓመት እንኳ አልወጣም!»

«እትዬ፣ እንዳሰብሽው አይደለም።»

«አፍንጫ አለኝኮ! ሽቶ ቤት ያለችው ማን ናት?»

«ሽቶ ቤት ያሉት ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው።»

«ሸጋ። እኔም ልያቸዋ!» ነጠላዋን አጣፋች። ማኅሌትን ለጎረቤት ሰጥታ ቀድማኝ ወጣች።

ሱቁ ጠባብ ስለሆነ እሷ ገብታ እኔ ደፍ ላይ ቀረሁ። እትዬ ጥሩዬ ከመደርደሪያው ኋላ የተደበቀች ሴት እንዳለች አንገቷን አስግጋ አየች። ሐጂ ደግሞ እሷን ማየት ጀመሩ። ትክ ብለው አዩዋት።

«አውቅሻለሁ ልበል፣ ልጄ?»

«ኧረ እኔ የወገራ ገበሬ ነኝ ሐጂ፣ ሽቶ ቤት ምን አመጣኝ።»

«ቅንድብሽ ነው። ቅንድብሽን አውቀዋለሁ። ትዕግሥት የምትባል ልጅ ነበረች፣ ጥጥ እያስነከረች የምትወስድ። ከፋሲካ ወዲህ ጠፋችብኝ።»

እትዬ ጥሩዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እህቴ ነበረች» አለች። «ነበረች» የሚለው በቃቸው። ሐጂ «ኢና ሊላህ» ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውም ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲያ ያ ሰውዬ አንተ ነህ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቧንቧው።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገሩን። ትዕግሥት ለራሷ አንድም ቀን ሽቶ ገዝታ አታውቅም፤ ራሴን ያመኛል ትላለች። የምትመጣው ለእኔ ነው። ጥጧን በአንድ ዓይነት ዘይት አስነክራ ትወስዳለች፣ ጠዋት እኔን ትቀባኛለች፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ስቆፍር ቧንቧ ስበጥስ እውላለሁ፣ ማታ በር ላይ አሽትታ በማግስቱ ለሐጂ ውጤቱን ትነግራቸዋለች። «ሐጂ፣ ዑዱ እሱ ላይ ጎማ ሆነ።» «ሐጂ፣ ጽጌረዳው ድንች ሆነ።» የሚስማማኝን ካገኘች በኋላ ነው በብልቃጥ የገዛችው።

«ባልሽ ራሱ መጥቶ ይሞክር ብላት፣ አይመጣም፣ ሽቶ የሴት ነው ይላል አለችኝ» አሉ ሐጂ።

ብዬ ነበር። ትዝ ይለኛል።

«እውነታቸውን ነው» አለች እትዬ ጥሩዬ እንባዋን እየጠረገች። «ከልጅነቷ ጀምሮ ሽቶ ራሷን ይፈልጣታል።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? እኔ ልታገባ መስሎኝ!»

ሐጂ ከመደርደሪያው ሁለት ብልቃጥ አወረዱ። አንዱ የክረምቴ ነው፤ ሰንደል ከመርፌ ጫፍ ዝባድ ጋር። ሌላው የበጋዬ፤ የሎሚ አበባ፣ ከሥሩ ትንሽ ሰንደል ያለበት። የክረምቱን ብልቃጥ ሳየው አወቅሁት። መጀመሪያ ቀን ሞክሬው አይደለም ብዬ የመለስኩት ነበር።

«አንጓህ ላይማ አይሆንም» አሉኝ። «እጅህ ዝገት ነው። ዝገት የማይደርስበት ቦታ ፈልጋ ያገኘችው ከጆሮህ ጀርባ ነው። ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል።»

ወሩ ጥቅምት፣ ፀሐይዋም የበጋ ስለነበረች የሎሚ አበባውን በጥጥ ነክረው ከጆሮዬ ጀርባ ነካ አደረጉኝ። ሕግ ሕግ ነውና ቀሐ ወርደን ተመለስን፤ እትዬ ጥሩዬ ሽቶ ሳትቀባ አብራኝ ወረደች፣ አቀበቱን እየተራገመች አብራኝ ወጣች። እኔ ምንም አልሸተተኝም። እሷ ግን ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ተንጠራርታ አንገቴን አሸተተችና ወደ ኋላ አለች።

«ምን ሸተተሽ?» አልኳት።

«አንተ» አለች። «የበፊቱ አንተ።»

ቤት ስንደርስ ማኅሌት ከጎረቤት መጥታ ግቢው ውስጥ የጠርሙስ ክዳን እየደረደረች ነበር። እጄን አልዘረጋሁላትም። አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ክዳን ልትወስድ በፊቴ ስታልፍ ቆም አለች። ከዚያ ጭኔን ረግጣ ወጣችና አፍንጫዋን ከጆሮዬ ሥር ቀበረች። መተንፈስ ፈራሁ። አልወረደችም።

«አባዬ፣ መጣህ?»

«መጣሁ።»

«የት ሄደህ ነበር?»

«ቧንቧ ልሠራ» አልኳት።

«ለምን ቆየህ?»

ለምን ቆየሁ? ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የእናቷን ሽታ ስፈልግላት፣ ልጅቷ አጥታ የነበረው አባቷንም ጭምር ነው። እናቷን ሞት ወሰደብን። አባቷን ግን ጥጥ አጥቼ የሰወርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በየቀኑ በዚያው በር እየገባሁ።

የትዕግሥት ሽታስ? እሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ሽቶ እንደሌለው ግን አሁን አውቃለሁ። ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር አንድም ቀን አንገቷ ሥር ጎንበስ ብዬ በወጉ አላሸተትኳትም፤ እኔ ተሽታች እንጂ አሽታች አልነበርኩም። ሐጂን ብጠይቃቸው «እሱ እኔ ሱቅ የለም» አሉኝ። ስለዚህ ልምከራችሁ ካላችሁኝ፣ ማታ በር የሚከፍትላችሁን ሰው አሽትቱት። ፖሊስ ነህ ቢላችሁም አሽትቱት።

ጺሜን ዓመቷ እስኪወጣ አላወርድም። ሽቶው ግን ቀጥሏል። ጎረቤቶቼም ሊያገባ ነው ማለታቸውን ቀጥለዋል፤ እትዬ ጥሩዬ አሁን ለእኔ ወግና ትጣላልኛለች። ጠዋት ጫማዬን ሳስር ማኅሌት ጥጧን ይዛ ትመጣለች። ግማሹ ጠብታ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ማታ በር ላይ ታሸተኝና ፍርዷን ትሰጣለች፤ አንዳንድ ቀን «ዛሬ ብረት ነህ» ትለኛለች።

በቀደም ለሐጂ፣ ሰኔ ሲገባ መጥቼ የክረምቱን እንሞክራለን አልኳቸው። ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጅቷ ትምጣ» አሉኝ። «አንተን አይመለከትህም።»