መቃብር የሌለው ከተማ

ከተማ «ተቆረቆረ» ነው የሚባለው፤ አባቶቻችን ቃሉን ሲመርጡ አንድ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። እናንተ ከተቆረቆረ ከተማ የተወለዳችሁ ሰዎች ላይገባችሁ ይችላል። እኛ ግን በጃንሆይ ዘመን በቢቸናና በሞጣ መካከል ወዳለው ቆላ ወርደን፣ ወንዝ ዳር ጎጆ የቀለስን ጊዜ፣ ድንጋዩ ጎናችንን፣ ተስፋው ደግሞ ልባችንን ሲቆረቁረን ከርሞ ነው የገባን።

ቆርቋሪያችን ግራዝማች ደምለው ነበሩ። ምቀኞቻቸው ግን ቆርቋሪ ያሰኛቸው ከሁሉ ቀድመው ቤታቸውን ቆርቆሮ ማልበሳቸው ነው ይላሉ። መንገድ በዚያ ያልፋል የሚል ወሬ ሰምተው፣ ርስት ያነሰንን ሁሉ ሰብስበው ወረዱና ቦታውን «ገነት ሜዳ» አሉት። ደገኞቹ «ወባ ሜዳ» ይሉታል። መንገዱ አልመጣም። ወባው መጣ። ቢሆንም ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ቆመልን፤ ጠላ ቤት ተከፈተ፤ ዕድርም አቋቋምን፤ ከሁሉ ሥራ የበዛበት ዕድሩ ነበር።

የጎደለን መቃብር ነው። አትሳቁ። ሰው ሲሞትብን ያንን አቀበት ተሸክመን እንወጣና አባቶቹ ካረፉበት ደብር እንቀብረዋለን፤ ሐዘንተኛውም እዚያው ይቀራል። አንድ ሬሳ በወጣ ቁጥር አንድ ቤት ይዘጋል። ታቦት ይግባልን ብንል ካህናቱ፣ «አጥንታችሁን ላይ እያኖራችሁ ታቦት ታች ምን ያደርግላችኋል?» አሉን።

አንድ ማክሰኞ ግራዝማች ገበያው መካከል ቆሙ። «የመጀመሪያው መቃብር የኔ ነው! እዚችው ወንዝ ዳር ትቀብሩኛላችሁ፤ ያን ጊዜ ታቦቱም ይወርዳል፣ እናንተም አትበተኑም። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» አሉ። እልል አልን። ሰው እሞታለሁ ሲል እልል ያለ አገር ከኛ ሌላ መኖሩን እንጃ። ከዚያ ወዲያማ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ባሳሉ ቁጥር ዞር ብለን እናያቸው ጀመር።

መስከረም ሲጠባ ወባ ጣላቸው። ከበን ስንቀመጥ ዓይናቸውን ገልጠው እጄን ያዙኝ።

«አፈር ስሆን ልጄ፣ አፈር ስሆን ወደ ላይ አውጣኝ። ካባቴ አጠገብ።»

ቅኔ ቤት ደጃፍ የዋለ ሰው ይሰማዋል፤ ሰሙ ልመና ነው፣ ወርቁ ኑዛዜ።

«ግራዝማች፣ ቃልዎስ?» አልኋቸው።

«እዚህ ብቻዬን ልተኛ? ፈራሁ» አሉ። የሚሞት ሰው ፈራሁ ሲል ምን ይመለስለታል? እሺ አልኋቸው።

ሬሳውን ይዘን ስንነሳ ከኋላ ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ። ዞር ብል ለቀስተኛው ሁሉ ጓዙን ተሸክሟል፤ ዶሮ ያቀፈም አለ። ለቀብር ዶሮ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም። ከተማችን እያለቀሰ ዳገቱን ተያያዘው።

ከኛ ጋር የማይወጣው ሰይድ ብቻ ነበር፤ ከሞጣ መጥቶ አብሮን የኖረ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ቃሬዛውን እስከ ዳገቱ ሥር አግዞን ከትከሻው ሲያወርድ፣

«ሰይድ፣ እዚህ ምን ቀረህ? አንተም ወደ ሞጣህ ግባ እንጂ» አልሁት።

«ዘሃራን ለማን ትቼ?» አለኝ።

ዘሃራ ልጁ ነበረች። ካቻምና ክረምት ወባ ወሰዳት፤ ወንዙ ሞልቶ ሞጣ ማድረስ ስላልተቻለ እዚያው ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ቀበራት። ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛው ነን። ቆፍረን፣ አልቅሰን፣ እጃችንን ታጥበን ስናበቃ ነው እንግዲህ፣ አንድ መቃብር እንኳ የሌለን ሰዎች ነን እያልን ስንቆዝም የኖርነው።