ቢጫው ምልክት

በጥር ወር እሑድ ቀን ከአየር ማረፊያ ወደ ሆስፒታል ጨረር ያለበት መድኃኒት ማድረስ ለሾፌር ፈተና ነው። መንገዱ ሁሉ በሙሽራ ተይዟል። መንበሩ ፒክአፗ ላይ የእርሳስ ሳጥን አስሮ፣ በሮቹ ላይ ቢጫ ምልክት ለጥፎ፣ ብርቱካናማ መብራት እያበራ በዝግታ ይነዳል። መድኃኒቱ የእንቅርት ካንሰር ላለባት ሴት ነው። ብዙ ካቆዩት ኃይሉ ይደክማል፤ ከተቻኮሉበት ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከጎኑ የጨረር ደኅንነት ተቆጣጣሪዋ የዝና ተቀምጣለች። ሕጓን መንበሩ በቃሉ ያውቀዋል፦ ጨረር አጠገብ ብዙ አትቆይ፣ ራቅ በል፣ በመካከል ከለላ አድርግ። ደግሞም የጫነ መኪና ምልክት ሳይለጥፍ መንገድ አይወጣም። የዝና ትልቁን ቦርሳዋን ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ታስቀምጣለች። መንበሩ ቦርሳው ከእርሳስ ሳይሠራ አይቀርም ብሎ ከጠረጠረ ቆይቷል።

ዓመታት አብረው ተጉዘዋል፤ ዛሬ የመጨረሻ ጉዟቸው ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ጅማ ትዛወራለች። አንድ ነገር ሊነግራት ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር ጉድጓድ ይመጣበታል።

አደባባዩ ላይ የሠርግ መኪኖች ከፊትም ከኋላም አጀቧቸው። ሙሽራ የጫነ መኪና አደባባይ ካልዞረ የተዳረ አይመስለውም፤ ፒክአፗም በክላክስና በእልልታ ተከባ አብራ ዞረች። ደግማ ዞረች።

«እንዲህ እየዞርን ልንከርም ነው?» አለች የዝና፣ ሳቋን በእጇ አፍና።

«ያስገቡኝ እነሱ፤ የሚያስወጡኝም እነሱ ናቸው።»

ሰልፉ ቆም ሲል ከረባቱ የተጣመመ ሚዜ ነጭ ሪባን ይዞ ወደ ሳጥኑ ሮጠ።

«ወንድሜ፣ እንዳትነካው!» አለች የዝና በመስኮት። «ምልክቱ አይታይህም?»

«አየሁት፤ ያምራል። ምን ጭናችሁ ነው?»

«የማይታይ፣ የማይሸት ነገር» አለ መንበሩ።

«የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን አወቃችሁ?»

መንበሩ ወደ የዝና ዞረ። የዝና ወደ ጨረር መለኪያዋ ዞረች።

«አጠገቡ ብዙ የቆየ ሰው ያውቀዋል» አለ መንበሩ።

ሚዜው ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ሪባኑን የዝና እጅ ላይ ጣል አድርጎ «በሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎ ተመለሰ። ትራፊክ ፖሊሱም ፊሽካውን እየነፋ «ሙሽሮቹን አሳልፉ!» አለና ከአደባባዩ አወጣቸው። መንበሩ እስከ ጆሮው ቀላ። የዝና የመኪናው ጣሪያ እስኪያስተጋባ ሳቀች።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ማሸጊያውን አየች፤ መለኪያዋን ይዛ ሳጥኑን ዞረችው።

«ምንም አላመለጠውም። ጥሩ ሳጥን ነው።»

«በጣም ጥሩ ነው» አለ መንበሩ። «አንዳንዴ ጥሩነቱ ይበዛል።»

መድኃኒቱን ከነሙሉ ኃይሉ አስረከቡ። ባዶውንም ሳጥን ለካችው፤ ንጹሕ ነው። መንበሩ መልሶ ጫነውና ተነሡ።

መንገዱ ጸጥ ብሏል፤ ሠርገኛው ወደየአዳራሹ ገብቷል። ፒክአፗ ግን እንደ ጠዋቱ ትንፏቀቃለች።

«መንበሩ፣ ሳጥኑ ባዶ ነው እኮ። ማን እንዳይነቃ ነው?»

መንበሩ ፍጥነት አልጨመረም። የዝና በጎን መስታወቱ አየች።

«ምልክቱንም አላነሣኸውም።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ጉድጓድ አልመጣም።

«ጭነቱ መቼ ወረደና?»

የጠዋቱ አደባባይ ከፊታቸው ታየ። የዝና ቦርሳዋን ከመካከላቸው አንሥታ እግሯ ሥር አስቀመጠች፤ ሪባኑን አውጥታ ውስጠኛው መስታወት ላይ አሰረችው። መንበሩ መውጫውን እያየ አለፈውና መዞር ጀመረ።

«ሕጉን ታውቀዋለህ» አለች፣ ፊቷን የተቆጣጣሪ ፊት ለማድረግ እየታገለች። «ታዲያ ያንን ጭነት ይዘህ ይሄን ሁሉ ዓመት ያለ ምልክት ነው የነዳኸው?»