ግርማዊነታቸው ዙር ላይ ናቸው

በየቤቱ አንድ ንጉሠ ነገሥት አለ። የለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ቤቱ ኮምፒውተር የለም፣ ወይ ንጉሡ ራሱ ነው። ንጉሥን መለየት ደግሞ ቀላል ነው። ምሳ ቀረበ ሲባል «እሺ» ይላል፤ አይነሳም። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ቢሉትም «እሺ» ይላል፤ አይነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ ነገሥታት ሁሉ የሚሉትን ይላል፦ «ይህቺን ዙር ብቻ ልጨርስና!»

ያቺ ዙር አታልቅም። ካለቀችም ሌላ ዙር ወልዳ ነው።

የልብስ ሰፊዋ ቤት ንጉሥ አባቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ከሞተር ጋር መጯጯህ የለመዱ ሰው ናቸው። ዙፋን ላይ የወጡት ከጣሪያ ወድቀው ነው። የሚያፈስ ቆርቆሮ ልምታ ብለው መሰላል ላይ ወጡ፤ መሰላሉ ተንሸራተተ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ብረት ገብቶላቸው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ጎረቤታቸው ኮምፒውተር ጠጋኙ «ጋሼን እንዳይሰለቻቸው» ብሎ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶ አልጋቸው አጠገብ ገተረው። ለጽድቅ ብሎ ነው እንግዲህ። አሁን ልብስ ሰፊዋን መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ሌላኛው ጠርዝ ይሻገራል።

ጨዋታው የጥንት ዘመን ነው። ሮም አለ፣ ግብፅ አለ፣ ካርቴጅ አለ። አንዱን አገር ትይዛለህ፤ ጦር ታሰለጥናለህ፣ መንገድ ትሠራለህ፣ ሕዝብህን ታበላለህ፣ ከቻልክ ዓለሙን ትጠቀልለዋለህ። ሥራህን ስትጨርስ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ጠላትም በተራው ይንቀሳቀሳል። ይህ አንድ ዙር ነው።

«የቱን አገር ይይዛሉ ጋሼ?» አላቸው ጠጋኙ።

«ዝሆን ያለው የቱ ነው?»

«ካርቴጅ።»

«በቃ እሱን አድርግልኝ። ዝሆን ነዳጅ አይጠይቅም፣ ጎማው አይፈነዳም።»

እንዲህ ሆኖ የካርቴጅ ንጉሠ ነገሥት፣ የዝሆኖች ጌታ፣ የባሕሩ ጠባቂ ግርማዊነታቸው በፒጃማ ነገሡ።

አገር የሚያስተዳድሩት አውቶቡስ በነዱበት መንገድ ነው። ጦሩን መርከብ ላይ ሲጭኑ «ጠጋ ጠጋ በሉ! መሀሉ ባዶ ነው!» እያሉ ይጮሃሉ። ድልድይ ላይ ጠላት ሲገጥማቸው «ቅድሚያ የኔ ነው!» ይላሉ። አንዱ የጦር አዛዣቸው «ትኬት ቆራጩ» ነው፣ ሌላው «መካኒኩ»። የሮማውን መሪ ደግሞ «ተቆጣጣሪው» ብለውታል። ሥራ ላይ ሳሉ በየፌርማታው አድፍጦ አረፈድክ እያለ የሚከሳቸው አንድ ተቆጣጣሪ ነበር። ስለዚህ ሮም ላይ ያላቸው ቂም የታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ የግል ነው።

ልጃቸው ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ስትመለስ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው።

«አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?»

«ሕዝቡ ተርቧል። ሲሲሊ ላይ ስንዴ ጠፍቷል።»

«እኔም ርቦኛል። አንተስ ምሳህን በላህ?»

«ተቆጣጣሪው ወደቡን ዘጋብኝ እኮ ነው የምልሽ!»

«አልበላህም ማለት ነው።»

በደህናው ቀን «አንተ» ነው የምትላቸው፣ አባቷ ናቸዋ። «እርስዎ» ካለቻቸው ግን ተናዳለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ግርማዊነታቸውም ቢሆኑ ትንሽ ጎንበስ ይላሉ።

የሚያስጨንቃት ስንዴው አይደለም፣ እግራቸው ነው። እግራቸውን የምታለማምደው ፊዚዮቴራፒስት ቁርጡን ነግራታለች። «አጥንቱ ይዟል። የቀረው መሄድ ነው። አሁን ካልሄዱ ጉልበቱም ዳሌውም ይተሳሰራል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ነው የሚያነሳቸው።» ልብስ ሰፊዋ አባቷን ታውቃለች። መንገድ ላይ ክንዳቸውን የያዘ ሰው የሚገላመጡ፣ ሽንት ቤት አድርሱኝ ከማለት ሞት የሚቀላቸው ሰው ናቸው።

ትእዛዙ ከባድ አልነበረም። ባለአራት እግሩን የብረት ምርኩዝ ይዞ ግቢውን መዞር። ከመኝታ ቤታቸው በር ተነስቶ፣ በውሃ በርሜሉ አልፎ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አድርጎ፣ እዚያ ማዶ ልጃቸው ቅዳሜና እሑድ የምትሰፋበት ክፍል ደርሶ መመለስ። አንድ ዙር። «በየቀኑ ስንት ዙር እንደሆነ እየደወልኩ እጠይቃለሁ» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

ነገር የተበላሸው እዚህች ቃል ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ዙር ሆነ?» ትላለች በስልክ። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፣ ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸውና ዝሆኖቻቸው ብቻ ናቸው።

«ዛሬ? ሠላሳ ሳይሞላ አይቀርም።»

«ሠላሳ! አልደከመዎትም?»

«ኧረ ምን ድካም! ጣቴን ትንሽ አመመኝ እንጂ።»

«የእግርዎን?»

«የእጄን።»

«አይ እሱ ምርኩዙን አጥብቀው ስለያዙ ነው። ላላ ያድርጉት።»

«ተራራው ላይ ብቻ ትንሽ ዘገየን።»

«ግቢው ዳገት አለው? በጣም ጥሩ! ዳገት ጡንቻ ያጠነክራል።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ትደውላለች። «አባትሽ እኮ አንበሳ ናቸው!» ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ለመላው ክፍል ታወራለች፤ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። «ሠላሳ ዙር? እኔ ውሃ ልጠጣ መነሳት ራሱ ዳገት ነው የሚሆንብኝ!» አለች ቁልፍ የምትሰፋው ወፍራሟ። ልጅቷ ማታ ስትገባ አባቷን አልጋ ላይ ታገኛቸዋለች። መቼም ደክሟቸው ነው ብላ እግራቸውን በቅባት ታሽላቸዋለች። ግርማዊነታቸው ለምን እንደሚታሹ አልጠየቁም። ንጉሥ ለምን ታሸሁ ብሎ አይጠይቅም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ።

«እስቲ ይነሱ፣ አንበሳው!» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

አንበሳው ግማሽ ድረስ ተነሱ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፣ እንደታጠፈ ቀረ፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅቷን አየቻት፤ ልጅቷ አባቷን አየቻቸው።

«ሠላሳ ዙር ብለውኝ አልነበር?»

«ይበልጣል እንጂ! ትናንትማ ሲሲሊን አስመለስን።»



«ሲሲሊ ማን ናት?» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

ልጅቷ ሁሉም ነገር ገባት፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ፊዚዮቴራፒስቷም ከተነገራት በኋላ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ጉልበታቸውን ስትዳብስ ግን ሳቁ ጠፋ። «ጉልበቱ መተሳሰር ጀምሯል» አለች። «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልሄዱ፣ እኔም የማደርገው ነገር የለኝም።»

ታክሲ ይዘው ወደ ቤት አቀኑ።

«እኔ አልዋሸሁም» አሉ አባትየው። «ዙር ተጠየቅሁ፣ ዙር መለስኩ።»

«እርስዎ አይዋሹም። እርስዎ አይሄዱም እንጂ።»

እርስዎ ስትላቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቆይተው፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልነሳ ስል እኮ መሰላሉ ከሥሬ የሚሄድ ይመስለኛል» አሏት።

ይህን ጉድ አልጠበቀችም። ስንፍና መስሏት ነበር፤ ለካ ፍርሃት ኖሯል። እጃቸውን ልትይዝ ፈለገች፣ እንደሚገላምጧት ታውቃለች፣ ተወችው። በልቧ ግን ቆርጣ ነበር።

በማግስቱ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። ጠጋኙንም ከተሻገረበት ጠርዝ ጎትታ አመጣችው። ኮምፒውተሩን ነቅለው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ መስፊያው ክፍል ወስደው ተከሉት።

«ግርማዊነትዎ፣ ዋና ከተማዎ ተዛውሯል።»

«ወዴት?»

«መስፊያ ክፍል። በእግር ይደረሳል።»

«ይሄ መፈንቅለ መንግሥት ነው!»

«ነው።»

ጠጋኙን አዩት። «አንተም አለህበት?»

«ጋሼ፣ እኔ ገመድ ነው የያዝኩት።»

ንጉሥ በዋዛ እጅ አይሰጥም። መጀመሪያ ድርድር ሞከሩ፤ ማውሱን ብቻ አምጪልኝ አሉ፣ ያለ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያደርጉበት እኔ እንጃ። ቀጥለው በመስኮት ማዘዝ ጀመሩ። «ዝሆኖቹን ወደ ግራ አድርጊልኝ!»

«አልሰማም! መኪናው ይጮሃል!»

«ወንዙን ሳይሻገሩ ተቆጣጣሪው ይደርስባቸዋል!»

«መጥተህ አሻግራቸዋ!»

ከዚያ ዝም አሉ። ምግቡን ይበላሉ፣ ሰላምታውን ይመልሳሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ምርኩዙ አልጋው አጠገብ እንደ እንግዳ ቆሟል። እሷም አልለቀቀችም፣ እሳቸውም አልለቀቁም፤ አባትና ልጅ ናቸዋ።

ዝምታው ግን እሷን ነው የጎዳት። ጠጋ ጠጋ በሉ የሚል ሰው በሌለበት ቤት መስፋት አቃታት። ስፌቱ ይጣመምባታል፣ ትተረትረዋለች፣ እንደገና ይጣመማል። ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜና እሑድ የእሳቸውን ጩኸት ሰምታ ነበር ቀኑ መዋሉን የምታውቀው። አንድ ቀን አላስቻላትም፤ ኪቦርዱን ነቅላ፣ ታቅፋ፣ ልትመልስላቸው እስከ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ታክሲው ውስጥ ስለ መሰላሉ ያሏት ትዝ አላት፤ አሁን ብታዝንላቸው ያ ፍርሃት አልጋ ላይ ያስቀራቸዋል። ተመልሳ ሰካችው።

አንድ ጠዋት አንሶላ አጥባ አስጥታ፣ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ከግቢው ብረት ሲንቋቋ ሰማች። ጧ። ዝም። ጧ። ዝም። አልተነሳችም። ከተነሳች እንደምታበላሸው ታውቃለች። በመስኮቱ ጥግ ብቻ አጮልቃ አየች።

ግርማዊነታቸው በርሜሉ ጋ ደርሰዋል። ፒጃማቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፣ ከንፈራቸውን ነክሰዋል፣ እጃቸው ብረቱ ላይ ነጭ ሆኗል። ቆሙ። መሬት መሬቱን አዩ። ይሄኔ መሰላሉ ከሥራቸው እየሄደ ነው ብላ ክሯን ጨመደደችው። እሳቸው ግን ብረቱን አንስተው ፊታቸው ተከሉትና «አንተ ተቆጣጣሪ» አሉ በጥርሳቸው መሀል፣ «ቆይ ብቻ!»

መስፊያው ክፍል በር ላይ ደረጃ አለ። እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ!»

አልነካቻቸውም። ደረጃውን ወጡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ጣታቸውን ዘርግተው ኮምፒውተሩን ከመክፈታቸው መብራት ሄደ።

 ልጅቷ የሚመጣውን ቁጣ ትጠብቃለች። እሳቸው ጥቁሩን ስክሪን አዩት፤ እሱም አያቸው።

«ቆይ ይመጣል፣ አረፍ በል አባዬ።»

«ባዶ ስክሪን ፊት ተጎልቼ ምን እሠራለሁ?» አሉና ብረታቸውን ይዘው ተነሱ።

የመልሱ መንገድ ከመሄጃው ረዘመ። ልጅቷ ቀድማ ወጥታ እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው። ግርማዊነታቸው በሥሩ ቀጥ ብለው አለፉ፤ አንገታቸውን ዝቅ አላደረጉም፣ ወደ እሷም አላዩም። ውሃው ክንዷ ላይ ይወርዳል። አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ከማዶ፣ ከመስፊያው ክፍል፣ የኮምፒውተሩ ድምፅ «ጢን» ብሎ ተሰማ። መብራት መጥቷል።

ተያዩ።

«በቃ ነገ» አለች እሷ። «ለዛሬ ይበቃሃል።»

«ዝሆኖቹ ወንዝ ውስጥ ናቸው» አሉ። የቀኝ እግራቸውን፣ ያንን ብረት ያለበትን፣ ቀስ አድርገው ወደ ፊት ዘረጉላት። «ማሰሪያው ላልቷል፣ አጥብቂው።»

ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ያዘች። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ስትቋጥር የኖረች ሴት፣ አንድ ቋጠሮ ጠፋባት። ትጀምረዋለች፣ ይፈታባታል፤ ትጀምረዋለች፣ ዓይኗ ይጋረድባታል።

«ቶሎ በይ እንጂ!» አሉ ግርማዊነታቸው። «መንገደኛ ነኝ እኮ!»