በስፒል የተያዘው በጀት

በየትኛውም ሰፈር አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው አይጠፋም። አንዱ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ነገር የያዘ ሰው አለው፤ ሌላው የጎረቤት ውሻ ነገር የያዘ። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የያዙትም የውጭ እርዳታ በጀት ነው።

ክብርት ልብስ ሰፊያችንን ሰፈሩ «እትዬ አንድ አፍታ» ይላቸዋል። «አንድ አፍታ ቁም» ያሉት ሰው ፀሐይ ስትጠልቅም እዚያው ቆሞ ይገኛል። መንግሥታችን ራቅ ላሉ ደሃ አገሮች የሚሰጠውን እርዳታ በግማሽ ሊቆርጥ ነው ብሎ ሬዲዮው ከተናገረ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። ሌላው ተሟጋች አዳራሽ ይከራያል፣ ሰልፍ ይጠራል። እሳቸው ምን አደከማቸው? ሱሪ ለማሳጠር የመጣውን ሰው እግሩ ላይ ስፒል ይሰኩበታል። ስፒል የተሰካበት ሰው የትም አይሄድም።

እኔ ልሄድ ሞክሬያለሁ። ቀጠሮ ነበረኝና በር በሩን እያየሁ ስቁነጠነጥ፣ እትዬ ከጉልበቴ ሥር ተንበርክከው፣ በከንፈራቸው ጥግ ስፒል ነክሰው ይናገራሉ። ስፒል ነክሶ እንዲያ ጥርት አድርጎ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።

«እርዳታው ተቆርጦ ክሊኒኩ ከተዘጋ ያቺ ነፍሰ ጡር የት ትሂድ? እስቲ ንገረኝ የኔ ጌታ!»

«የቷ ነፍሰ ጡር እትዬ?»

«እኔ በምን አውቄያት? አንዷ። አትነቃነቅ!»

ተነቃነቅሁ። ስፒሉ ወጋኝ። ጥፋተኛውም እኔው ሆንኩ።

የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ዕጣ ግን ከእኔም የባሰ ነው። የሰርጉን ኮት ሊለካ ገብቶ፣ «የራሳችን ችግረኛ ሞልቶ ለማናውቀው ሰው ምን አንጫጫን?» ብሎ አፉን አሾለ። እትዬ ቀና ብለው አዩት።

«ለራሳችንም ችግረኛ እንጮሃለን። ምነው፣ አፍ አነሰን?»

ከዚያ ወሬው ሲረዝምበት ኮቱን ባንድ እጅጌ ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሰርግ ግን ባንድ እጅጌ አይሆንም፤ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሁለተኛው እጅጌ የተሰፋለት ከፊታቸው ቆሞ ለአካባቢያችን እንደራሴ ቢሮ ደውሎ «እርዳታው እንዳይቆረጥ» ካለ በኋላ ነው። የእንደራሴው ጸሐፊ አሁን አሁን ስልክ ስታነሳ ከሰላምታ በፊት «ከእትዬ ቤት ነው?» ትላለች አሉ።

አንድ ቀን የተከበሩ እንደራሴ ራሳቸው መጡ። የሱሪያቸው ወገብ ጠቧቸዋል። እኔ አግዳሚው ላይ ተራዬን እጠብቃለሁ።

«እትዬ፣ ይግባዎት እንጂ» አሉ፣ ሊለኩ እንደ ምርኮኛ እጃቸውን ሽቅብ አንስተው። «አገር ቀበቶዋን ማጥበቅ አለባት።»

እትዬ ሜትሩን በወገባቸው አዞሩት። አነበቡት። ማመን ስላቃታቸው ደግመው አነበቡት።

«ማጥበቁን ከማን እንጀምር የተከበሩ?»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።  ከዚያ የተከበሩ አንድ በአንድ ስፒል እየተሰካባቸው ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ነፍሰ ጡሯ ሁሉንም ሰሙ። ሲወጡ «አስብበታለሁ» አሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሰፈራችን ለዚህ ሁሉ ጩኸት መልስ ነበረው። የእትዬ አንዲት ልጅ አዋላጅ ናት፤ የምትሠራውም ሩቅ አገር፣ በዚያው እርዳታ በቆመ ክሊኒክ ውስጥ ነው። «ለልጃቸው ደመወዝ ነዋ የሚጮኹት» ይል ነበር ሰው ሁሉ። እኔም ብልጥ ነኝ ባይ ነኝና፣ እንደራሴው እንደወጡ አላስችለኝ አለ።

«እትዬ፣ የልጅዎ ሥራ እንዳይቀር ነው አይደል?»

ካውያውን አስቀመጡ።

«ልጄማ አዋላጅ ናት፤ እዚህ ሥራ ታጣለች? ክሊኒኩ በተዘጋ በሳምንቱ እቤቴ ናት።»

ጥግ ላይ ወደተሰቀለ ሰማያዊ ቀሚስ በአገጫቸው አመለከቱኝ። እጅጌው ገና አልተሰፋም፤ ዙሪያውን ስፒል ብቻ ነው።

«ወሬውን የሰማሁ ለት፣ ትመጣ ይሆናል ብዬ ቆረጥኩት። ልኩ በግምት ነው። ትክሳ ትወፍር በምን አውቃለሁ? አላየኋት።»

«ታዲያ ዝም ቢሉ ትመጣልዎት የለ?»

«ትመጣለች» አሉ። «አንዳንዴ በሆዴ እንዲያውም ይዝጉት እላለሁ። ከዚያ ትደውልና ‘እማዬ፣ ዛሬ መንታ አዋለድኩ፤ እናትየውም ተረፈች’ ትለኛለች። በራሴ አፍራለሁ።»



ምክር ቤቱ ድምፅ የሰጠ ዕለት ሱቃቸው በሰው ጢም አለ። ሬዲዮው ይንጫጫል፣ ዳቦ ጋጋሪው ይወጣል ይገባል፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። እትዬ ብቻ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። በመጨረሻ ተነገረ፤ እርዳታው ሳይቆረጥ አለፈ። የእኛም እንደራሴ፣ በሰፋው ሱሪያቸው፣ ለእርዳታው እጃቸውን አንስተዋል። ሱቁ በእልልታ ተናወጠ።

እትዬም አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄደው ሰማያዊውን ቀሚስ አወረዱና ስፒሎቹን ቀስ እያሉ እየነቀሉ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉ ጀመር። «አቧራ እንዳይጠጣ ላጣጥፈው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ሱሪ ይዤ ሄድኩ።

«ይሄን አሳጥሬልህ የለም እንዴ?»

«አሁንም ረዝሞብኛል እትዬ።»

ሱሪውን አዩት። ቁርጭምጭሚቴን አዩት። እኔንም ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንድ አፍታ ቁም» አሉና ተንበርክከው፣ ስፒላቸውን ነክሰው፣ ስለሚቀጥለው ዓመት በጀት ጀመሩ።

ልጃቸው እስክትመጣ ያለኝ ሱሪ ሁሉ ቁምጣ ሊሆን ነው። ይሁን።