በትከሻዬ ላይ የተገጠሙት መብራቶች

ትናንት ምሳ በልቼ በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለና እንዲህ ያለ ሕልም አየሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። እንዳልካቸው እባላለሁ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሎጁ እንግዶችን ከበሩ እስከ ሐይቁ የሚያመላልሱ፣ ወንበራቸው ሥር ባለ ባትሪ የሚሄዱ የጎልፍ መኪኖች አሉት። ለሠርግ ትፈለጋለች ተብሎ አንደኛዋ ላይ የፊት መብራት፣ ክላክስ፣ ቴፕና የስልክ ቻርጀር ስገጥም ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር። ሕልሙ ከዚያው ሳይመጣ አልቀረም።

በሕልሜ ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ በእጄም በእግሬም መሬት ረግጬ እንደ ጠረጴዛ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አምስት ሰዎች እንደኔው ሆነው ተሰልፈዋል። ሰልፉን የሚያስከብሩት የጎልፍ መኪኖች ነበሩ። ይህ አልገረመኝም። ሐይቁ ሰማዩ ላይ ነበር፤ ዓሦቹ ቁልቁል ያዩናል፤ አንድ ጠብታ ግን አልወረደብንም።

እንግዶቹ አንሶላ ተሸክመው ይሯሯጣሉ። አልጋ አንጣፊዎቹ ወንበር ላይ ጋለል ብለው ጭማቂ ይጠጣሉ። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ብርዛፍ ከዘበኛው ከጋሽ ቱፋ ፊት ቅጽ ይዛ ቆማለች።

“ጋሽ ቱፋ፣ ዛሬ አርፍጃለሁ። እባክዎ ይቆጡኝ” ትላለች።

“የዛሬው ቁጣ አልቋል” አሏት ጋሽ ቱፋ ቅጹን እያገላበጡ። “ነገ ጠዋት ተመለሺ።”

“ነገም እኮ አለቀ ሊሉኝ ነው።”

“እሱን ነገ እናያለን።”

አንገቷን ደፍታ ሄደች። አሳዘነችኝ።

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ውስጥ የምትሠራው አራት ቁጥር መኪና ነበረች። ጣሪያዋ የተሰነጠቀ፣ የፊት መስታወት የሌላት። በውኑ ዓለም ከጀነሬተር ቤቱ ጀርባ ከቆመች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ነገር ሲጎድለኝ ከእሷ እፈታለሁ።

“አወቅከኝ?” አለችኝ።

“አራት ቁጥር።”

“ክላክሴ የት ደረሰ?”

“ለሠርጉ መኪና ገጠምኩት።”

“ጥሩ ድምፅ ነበረው” አለች። የተቆጣች አትመስልም። “በል፣ ወንበርህን ክፈት።”

ጀርባዬ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ ተከፈተ። ምንም አላመመኝም። ውስጤ ስድስት ባትሪዎች ተደርድረዋል። አራት ቁጥር ቴስተሯን አውጥታ ጎንበስ አለች።

“ስንት ቮልት ነህ?”

“አላውቅም።”

“ዕድሜህስ?”

“አርባ አንድ።”

“የባትሪዎችህን ነበር የጠየቅኩህ” አለችና ገመዶቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። እያንዳንዱ ገመድ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ እያነሳች ታነባለች። “የአሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል ቴሌቪዥን። የሻወር ማሞቂያ። የሥራ አስኪያጇ ፍሪጅ። የሠርጉ አዳራሽ መብራት። ይሄን ሁሉ ከአንድ ባትሪ የቀጠለው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ፊውዝስ?”

“ቶሎ ጨርስ ሲሉኝ ጊዜ . . .”

“ሌሎቹ አምስቱስ ምን ይሠራሉ?”

ምን እንደሚሠሩ አላውቅም ነበር።

“አንደኛው ደርቋል” አለች። “አምስቱ ግን የነካቸውም የለም፤ አቧራ ጠጥተዋል። እንዲህ ያለው ወይ ይጠገናል፣ ወይ ከጀነሬተር ቤቱ ጀርባ ቆሞ ለመለዋወጫ ይሆናል። እኔ አልወስንም። ባለቤቱ ትጠራ።”

ባለቤቴ አስካለ ገባች። ሞጆ ላይ ልብስ ሰፊ ናት፤ በሕልሜም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ነበር የመጣችው። አራት ቁጥር አክብራ ወንበር ሳበችላት።

“ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ።”

“ይጠገን ወይስ ይፈታ?”

አስካለ የተከፈተ ጀርባዬን አየች፣ ዞራ ፊቴን አየች፣ የሜትሯን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

“ቆይ፣ ላስብበት” አለች።

እንዲህ ስትል ባትሪዎቹ መካከል አንድ ነገር ቅዝቅዝ አለብኝ። አሥራ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ከአፏ “ይጠገን” የሚለው ቃል ሳያስባት ይወጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

“አስካል” አልኳት።

“ዝም በል። አንተን አልጠየቀችህም።” ወደ አራት ቁጥር ዞረች። “ቢጠገን ምን ምን ይገጠምለታል?”

“መብራት አለን።”

“ሁለት፣ ትከሻው ላይ። ሲመጣ ከሩቅ እንዳየው።”

“ክላክስ?”

“ኧረ ድምፅስ አላነሰውም።”

“ቴፕ?”

“ይቅር።”

“ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮህም አለ።”

“እሱማ ግዴታ ነው!” አለች አስካለ። “እመጣለሁ ብሎ ሲቀር ይጩህ። እደውላለሁ ብሎ ሲተወው ይጩህ። ጎረቤቱ ሁሉ ይስማው።”

አራት ቁጥር ጻፈች። “ሌላስ?”

አስካለ ተነስታ መጣችና መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች። ልጅ ያተኮሰው እንደሆነ እንደምታየው ዓይነት ነበር።

“ስንት እንደቀረው የሚያሳይ ነገር የለም?” አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። “ቤት ሲገባ ዝም ይላል። ተቆጥቶ ይሁን ደክሞት አላውቅም። ባውቅ እኮ አልነዘንዘውም ነበር።”

አራት ቁጥር መጻፏን አቆመች። ላያችን ላይ ዓሦቹም የቆሙ መሰለኝ።

“አለ” አለች በመጨረሻ። “አዝዞት የሚያውቅ ሰው ግን የለም።” ካቻቢቴዋን አንስታ ከገዛ መሪዋ ሥር የባትሪ መለኪያዋን ፈታች። “ከእኔ ላይ ሳይወስደው የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ይሁንለት።”

አፈርኩ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። የተተበተበውን ገመድ ሁሉ ቆርጣ ጣለች። መብራቶቹ ከስድስቱም ባትሪ እኩል እንዲወስዱ አደረገች፤ ቮልቱን የሚቀንሰውን ዕቃ ከጎድኔ በታች አሰረችልኝ። ለእያንዳንዱ ገመድ የራሱን ፊውዝ ሰጠችው። የገመድ መጠቅለያ ናስትሮውን ስትጠቀልል አንድ ቦታ እንኳን አልተጨማደደም። መለኪያውን ግንባሬ ላይ ገጠመችና ጀርባዬን ዘጋች።

አስካለ ጎንበስ ብላ ግንባሬን አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ።

“ስንት ይላል?” አልኳት።

መለኪያውን በአውራ ጣቷ ጠረግ አደረገችው።

“አስካል፣ ስንት ነው?”

“ተወው በቃ። ቀጥ ብለህ ቁም።”

አራት ቁጥር ወደ ውጭ አመለከተች። “ዳገቱን ባለቤቱን ይዞ ከወጣ ተጠግኗል እላለሁ። ካልወጣ ወደ ጀነሬተር ቤቱ ነው።”

ዳገቱ ከበሩ ተነስቶ ሰማዩ ላይ እስካለው ሐይቅ ድረስ ይወጣል። አስካለ ጀርባዬ ላይ በጎን ተቀመጠች፤ እኔም ጀመርኩ። የትከሻዬ መብራቶች በሩ። መኪኖቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይመለከቱናል። ወይዘሮ ብርዛፍ ቅጿን እንደያዘች ከኋላ ቆማ አየኋት። ግማሹን መንገድ በደህና ወጣሁ። ቀለል ብሎኝ ነበር፤ “ከባድ አይደለሽም እኮ” እንኳን ብያታለሁ።

ከዚያ መብራቶቼ ደበዘዙ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ወዲያው ከደረቴ ውስጥ “ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ” የሚል ጩኸት ወጣ። ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ። “ጢጥ፣ ጢጥ።” የማውቀው ሰው ሁሉ ሰማው።

አስካለ ከላይ አጎንብሳ ግንባሬን አየች፤ ከዚያም ወረደች።

“ከወረዱ ሙከራው አይቆጠርም” አለች አራት ቁጥር ከታች።

“አይቆጠር!” አለች አስካለ።

ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ጫፉን ክንዴ ላይ አሰረችው። አልጎተተችኝም፤ ይዛው ብቻ ከጎኔ ትራመዳለች። እኔም እንደምንም እከተላለሁ። ሐይቁ እየቀረበ መጣ፤ የውሃው ቅዝቃዜ ፊቴን ነካኝ።

“ተጠገንኩ ማለት ነው?” አልኳት።

“መጀመሪያ እንድረስ” አለችኝ።

መኪኖቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። በምናቸው እንዳጨበጨቡ አላውቅም። ጭብጨባው እየደመቀ፣ እልልታም እየተጨመረበት ሄደ፤ እኔም ዓይኔን ገለጥኩ።

ጭብጨባው አላቆመም። ምሳ በልቼ የተቀመጥኩት የሠርጉ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ ያ ወደ ኋላ የሚያሳየው ወንበር። መኪናዋ እየሄደች ነው። ሙሽሮቹ ከፊት ወንበር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። አንድ ሃምሳ የሚሆን ሠርገኛ ከኋላ እየተከተለ፣ በቀጥታ እኔን እያየ ይዘፍናል። ሊቀሰቅሰኝ ያልፈለገ ሰው ጭኔ ላይ ትልቅ እቅፍ አበባ አስቀምጦልኛል። ፊቴ ወደ ኋላ ስለሆነ ቪዲዮ ቀራጩ እንደ ልማዱ የኋሊት መሄድ ሳያስፈልገው፣ ካሜራውን እኔ ላይ አድርጎ ወደ ፊት እየተራመደ ይቀርጸኛል።

ጃንጥላ የያዙ አንዲት ሴትዮ ጠጋ አሉ። “ወንድሜ፣ ከየትኛው ወገን ነህ? ከሙሽራው ነህ ከሙሽሪት?”

“ከመኪናዋ” አልኩ።

ከሴትዮዋ አጠገብ የሎጁ እንግዳ ተቀባይ ፀዳለ ትሄዳለች። ሞጆ ጎረቤታችን ናት። ስልኳን ከፍ አድርጋ ወደኔ አዙራዋለች፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዝቅ አድርጊው ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ጭራሽ ቀረብ አደረገችልኝ። ከስልኩ ውስጥ የአስካለ ድምፅ ከዘፈኑ በላይ ጮክ ብሎ ተሰማ፦

“እማዬ፣ ቶሎ ነይ እዪው! ሥራ በዝቶበት ስልክ አያነሳም ያልኩሽ ባሌ ይኸውልሽ!”